አንድ ተማሪ ፍለጋ ወደ ዶርዜ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የያዝኩት አንድ የትከሻ ቦርሳ፣ አንድ ጋቢ፣ የውሃ ኮዳ እና የተማሪዎቼን መቆጣጠሪያ መዝገብ ነበር። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ጎረቤቶቼ ለገበያ ዶርዜና ጨንቻ ወጥተው ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ናቸው። እኔ ግን አርባ ምንጭ ሠላሳ አራት ዓመት ስኖር ዶርዜን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ከሰሜን የመጡ ዘመዶቼን ለማስጎብኘት።

ምክንያቴን ልናገር። ይርገዱ እባላለሁ። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ በመምህርነት ተመድቤ ወደዚህ አገር ስመጣ ገና ጠጉሬ ጥቁር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። ዓመቱን ሙሉ አምስት ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ዝናብ ቢሆን፣ ገበያ ቢሆን አንድም ቀን አይቀሩም። ባለፈው ወር ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ቀሩ። መጨረሻ የቀረው ሸማኔው አንጁሎ ነው። አንድ ረቡዕ ደብተሩን አጠፈና «ቲቸር፣ ዶርዜ ሥራ አለብኝ» ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ በሰዓቴ ሄጄ ክፍሉን እከፍታለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ከባዶ አግዳሚ ወንበሮች ፊት ቁጭ እላለሁ። በዚህ ሁኔታ አራት ቀን ከቆየሁ በኋላ የትምህርት ኃላፊው መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ዓይኔን ላለማየት ሰሌዳውን እያየ ነበር የሚያናግረኝ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል። እስከ ሰኞ አንድ ተማሪ እንኳ ከመጣ አስቀጥለዋለሁ። ካልመጣ ቁልፉን ይመልሱልኝ።»

«ጎልማሳ ጎትጓች ይፈልጋል» አልኩት። «ሄጄ አመጣቸዋለሁ።»

እሱን ያልኩት እንዲህ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ባለቤቴ ጌታሁን ከሞተ አንድ ዓመት ከአንድ ወር ሆነው። ልጅ አልወለድንም። ባለፈው ወር ሙት ዓመቱን አውጥቼ ከሌን አውልቄያለሁ፤ ቤቱ ግን ያው ባዶ ነው። ክፍሏ ከተዘጋች ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት የት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ለአንድ ተማሪ ብዬ ተራራ የወጣሁት ፈርቼ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ ከድጃ ሱቅ አላት። ከአምስቱ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የቀረችው እሷ ናት። ትምህርት የጀመረችው ለእናቷ የሚታዘዘውን የመድኃኒት ወረቀት ራሷ ለማንበብ ብላ ነበር። ስታየኝ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ከድጃ፣ ሰኞ ትመጫለሽ?»

«ኢንሻአላህ ቲቸር። ሱቁን ማን ይይዝልኛል?»

«ዓመቱን ሙሉ ማን ነበር የያዘልሽ?»

 የለበስኩትን ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ይኼ ቀለም ያምርብዎታል» አለችኝ። ከዚያ ለመንገድ ብላ አንድ እሽግ ብስኩት በቦርሳዬ ከተተችልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ መዝገቤን አወጣሁና በስሟ ትይዩ «ተነሳሽነት፦ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ለዓመታት በሪፖርት ስጽፈው የኖርኩት ቃል ስለሆነ እጄ ለምዶታል።

ሦስት ሰዓት፤ ላንቴ

ሚኒባሱ ሞላ ከተባለ በኋላ አራት ሰው ጨምሮ ተነሣ። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ከፈለ። በስተቀኝ አባያ ሐይቅ ቀይ ውሃውን ዘርግቶ ተኝቷል። ጌታሁን በሕይወት ሳለ በዚህ መንገድ ባለፍን ቁጥር «ይኼ ሐይቅ መቼ ነው የሚጠራው?» ይለኝ ነበር። ከልማድ ወደ ጎኔ ዞርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዶሮ አቅፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሌላዋ ተማሪዬ የምትኖርበት ላንቴ ስንደርስ ወረድኩ። መንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝ ነው፤ ከሙዙ መሐል ማንጎ አናቱን ብቅ ያደርጋል። አስቴርን ያገኘኋት ከእርሻዋ ዳር፣ የሙዝ ዘለላ ለጭነት መኪና ስታስረክብ ነው። የመዝሙር መጽሐፍ ለማንበብ ብላ ነበር ትምህርት የጀመረችው። ጋሞኛ ነው አፍ የፈታችበት። አማርኛዋ ላይ ወንድና ሴት ስለማይለይላት ዓመቱን ሙሉ እኔን «አንተ» ስትል፣ ዓመቱን ሙሉ እኔም ሳርማት ኖረናል።

«ቲቸር! አንተ እንዴት መጣህ?»

«አንቺን ፍለጋ።»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ መኪናው ዞረችና ረጅሙን የጭነት ወረቀት ተቀብላ ለሾፌሩ ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ወደየት ከተማ እንደሚሄድ እያረጋገጠች ነው። አንድም ቦታ አልተሰናከለችም። ክፍል ውስጥ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ሽንኩርት እየላጠች የምታነብ ሴት ናት። ገረመኝ፤ ግን «ሥራዋ ስለሆነ ሸምድዳው ይሆናል» ብዬ አለፍኩት።

ቤቷ ወስዳ ኩርኩፋ አቀረበችልኝ፤ የበቆሎ ዱቄት በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ምግብ ነው። እየበላሁ ሳለ አፌን አፌን ታየኛለች።

«አሁን ቤት ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

«ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ አስቴር። እኔ ስለ ትምህርቱ ነው የመጣሁት፤ እስከ ሰኞ ተማሪ ካልመጣ ኃላፊው ክፍሉን ሊዘጋው ነው።»

«አልቅሰህ ጨረስክ?»

ጥያቄው ድፍረት መሰለኝ። ደረቅ መልስ ሰጠኋት፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሷ ግን አልተቀየመችም። «እኔም ጨረስኩ» አለች። ምኑን እንደጨረሰች ብጠይቃት ወደ ተራራው በእጇ እያሳየች «አንጁሎ ጠይቅ፣ አንጁሎ ይናገራል» አለችኝና ሙዝ በፌስታል ሞልታ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። መዝገቡን አወጣሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ስለገባኝ መልሼ ከተትኩት።

ወደ ላይ

ከላንቴ እስከ ጨንቻ መገንጠያ በባጃጅ፣ ከዚያ በገበያተኛ መኪና ነው። ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ስለሆነ መኪናው ውስጥ ሰውና ከረጢት አይለይም። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ እያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ሙቀቱ ይቀንሳል። ሙዙ ቀረ፣ እንሰት ተተካ፣ ከዚያ ቀርከሃ መጣ። አንዱ ኩርባ ላይ መኪናው ቀጥ ሲል አባያና ጫሞ ሐይቆች በመሐላቸው ካለው ጉብታ ጋር ከታች ታዩኝ። ከተማዬ ከዚህ ሲያዩዋት ትንሽ ናት። ቤቴን በዓይኔ ፈለግኩ፤ አይታይም።

በመንገዱ ዳር ሴቶች ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሸክም ይዘው ይወጣሉ። መኪና ውስጥ ያሉት ሁሉ በጋሞኛ ያወራሉ፤ ይቀልዳሉ፤ ይሳሳቃሉ። አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ፈገግ አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። አሁንም ፈገግ አልኩ። ተወችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ዶርዜ ማንም አላናገረኝም። ጉም መኪናውን ሲያለብሰው ጋቢዬን ከቦርሳ አወጣሁ።

ሰባት ሰዓት፤ ዶርዜ

የአንጁሎን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ስሙን መጥራት በቂ ነው። በቀርከሃ የተሠራ አጥር፣ ከውስጥ ቁመቱ እንደ ሦስት ሰው የሚሆን የቀርከሃ ቤት፣ ከጎኑ የሽመና ዳስ። አንጁሎ አርባ አምስት ዓመቱ ገደማ ነው። ልጅነቱን አዲስ አበባ ከሸማኔ አጎቱ ጋር ስላሳለፈ አማርኛው የሰላ ነው። ሲቀላ ውስጥ ተከራይቶ ይሸምን ነበር፤ ፊደል መቁጠር የፈለገው ደንበኞቹ በስልክ የሚልኩለትን ትእዛዝ ሰው ሳያስነብብ ራሱ ለማንበብ ነው።

አጥሩ ጋ ስደርስ ከዳሱ ውስጥ ሰው ሲያነብ ሰማሁ። ረጅም፣ ጠጣር፣ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፤ «በተመለከተ»፣ «በመሆኑም» ይበዛዋል። አንባቢው እንደ ውሃ ያንቆረቁረዋል። ድምፁ የአንጁሎ ነው፤ ንባቡ ግን የአንጁሎ አይደለም። ብቅ ስል እግሩን ከመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ሳያወጣ፣ አጠገቡ ለቆሙ ሽማግሌ ጎረቤቱ ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ እያነበበላቸው ነው።

ሲያየኝ ወረቀቱን እንደሚኮርጅ ተማሪ ከጭኑ ሥር ደበቀው። ሽማግሌው እኔንና እሱን ተራ በተራ አዩንና ደብዳቤያቸውን ሳይቀበሉ ውልቅ አሉ።

«መቼ ነው እንዲህ ማንበብ የቻልከው?»

«ቲቸር፣ ይቀመጡ።»

«መቼ ነው?»

«ግማሽ ዓመት ይሆነዋል።»

«ታዲያ ያቺን አንዲት ገጽ ሦስት ወር ሙሉ ስትደናቀፍባት የነበረው?»

እግሮቹን ከጉድጓዱ አወጣና ተነሣ። «ሆን ብዬ ነው» አለኝ።

እኔ ያቺን ገጽ ለማስያዝ ያልሞከርኩት ነገር የለም። በዜማ ሞክሬያለሁ፣ በሥዕል ሞክሬያለሁ። መዝገቡ ውስጥ «ዝግተኛ፤ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌለታለሁ።

«ለምን?»

 መወርወሪያውን ከድሩ ላይ አነሣና በእጁ እያገላበጠ ተናገረ።

«እኛ ጋር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ተራ ይዘን አብረነው እንቀመጣለን። ጋሼ ጌታሁን ሲቀበሩ እርስዎ እዚህ ዘመድ እንደሌለዎት አየን። ተማከርን። በአራተኛው ቀን ለቅሶ ልንቀመጥ ቤትዎ መጣን፤ በሩ ዝግ ነው። ጎረቤት ‹ክፍል ሄዳለች› አለን። ክፍል ስንመጣ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጽፈው ቆመዋል። ምን እናድርግ? ቁጭ አልን።»

አስታወስኩት። በአራተኛው ቀን ቤት መዋል አቅቶኝ ወደ ክፍሌ ሄጄ ነበር። አምስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተው ዝም ብለው ተቀመጡ። እኔ «ዛሬ ምን ነክቷችሁ ነው?» ብዬ ደብተር እንዲያወጡ አዘዝኳቸው።

«ከዚያ በፊት አንዳንዶቻችን ልንተው ነበር» አለ አንጁሎ። «ከድጃ የመድኃኒቱን ወረቀት አውቃው ነበር። አስቴር መዝሙሩን ይዛው ነበር። ግን ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ዝም ብሎ ተነሥቶ አይሄድም። ከልዎን እስኪያወልቁ ተባባልን።»

«እና ክፍሌ ለቅሶ ቤት ነበር?»

«ትምህርት ቤትም ነበር። ብዙ አውቀናል እኮ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ስሳሳት ይቆጡኛል። ሲቆጡ ፊትዎ ወደ ድሮው ይመለሳል። ስለዚህ እሳሳታለሁ።»

ንዴት ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ነደደብኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እነሱን የማስተምር መስሎኝ በየሳምንቱ ሦስት ቀን ተዘጋጅቼ ስመጣ፣ ለካስ እነሱ ናቸው እኔን የሚጠብቁኝ።

«እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ ነበር የምመጣው!» አልኩት። ድምፄ ጮኸ።

«እኛም ለእርስዎ» አለ።

ቦርሳዬን አነሣሁና ሳልሰናበት ወጣሁ።

መንገድ ዳር

ወደ አርባ ምንጭ የሚወርዱት መኪኖች ከጨንቻ ገበያ ሞልተው ስለሚመጡ አይቆሙም። እጄን አነሣለሁ፣ ጡሩንባ ነፍተው ያልፋሉ። ጉሙ ጫማዬን እንኳ እስኪደብቅብኝ ወረደ። ጋቢዬን ጠቅልዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ጋቢው የማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። የሙት ዓመቱ ዕለት ከሌን ሳወልቅ አንጁሎ ከትከሻዬ ላይ ጣል ያደረገልኝ፣ በእጁ የሠራው ጋቢ ነው። እኔ የተማሪ ስጦታ መስሎኝ ነበር የተቀበልኩት። በሚቀጥለው ሰኞ መቅረት ጀመሩ።

ሌላም ሌላም ነገር መጣብኝ። ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ክፍሉን የሚጠርግ ሰው ነበር። ሁልጊዜ አንድ ሰው «በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ» ብሎ እስከ ቤቴ በር አብሮኝ ይሄዳል፤ ሁሉም በየተራቸው፣ ቤታቸው በሌላ አቅጣጫ ሆኖ ሳለ። አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። የሰው ስህተት ማረም እንጂ ሰው ማየት እንደማልችል ገባኝ። አለቀስኩ። ጌታሁን ሲሞት ሰው ፊት ያላለቀስኩት ልቅሶ ዶርዜ መንገድ ዳር ማንም ሳያየኝ ወጣልኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን እንዳልነበርኩ የተረዳሁትም በዚያችው ሰዓት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አንጁሎ መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ። 

«ባሎቴ ቆጮ ጋግራለች» አለ። «ከቀዘቀዘ አይበላም።»

ተከተልኩት።

ምድጃ ዳር

ባሎቴ የአንጁሎ ሚስት ናት። አማርኛ አትሰማም። ትኩስ ቆጮ በማርና በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበችልኝ፤ ዳጣው እንባዬን አመጣውና የቅድሙን ለመሸፈን ተመቸኝ። ከበላን በኋላ ከምድጃው ዳር እንዝርቷን ይዛ ጥጥ ትፈትል ጀመር። ዓይኔን እያየች አናገረችኝ። ፈገግ አልኩ። ደግማ ተናገረች። አሁንም ፈገግ አልኩ። ወደ ባሏ ዞራ አንድ ነገር አለችው።

«ምን አለች?»

«ይቅርብዎት።»

«ንገረኝ።»

«‹ስንት ዓመት አገራችን ኖራለች አሉ፤ ለምን አትናገርም? ትጠላናለች?› ነው የምትለው።»

ጎልማሶችን «ለምን አትማሩም?» ስል የኖርኩ ሴት ሰበብ ፍለጋ ጀመርኩ። ጊዜ አልነበረኝም ልል ነበር፤ ከድጃ የምትለኝ ሰበብ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል ልል ነበር፤ እሱም ከሌላው ተማሪዬ የሰማሁት ነው። እውነተኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ በከተማው ሁሉም አማርኛዬን ስለሚሰማ አልተቸገርኩም። ስላልተቸገርኩም የሚያስተምረኝን ሰው ጠይቄ አላውቅም።

«አስተምሪኝ በልልኝ» አልኩት።

ባሎቴ እንዝርቷን በእጄ ሰጠችኝ። ክሩን አነሣችና ስሙን ጠራች። ደገምኩ። ሳቀች። አሁንም ጠራችው፤ ደገምኩ፤ ጭኗን መታ መታ አድርጋ ሳቀች። ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ ሳልለው አልቀርም፤ አስቴር ፊቴ መጣችብኝ። እሳቱን አሳየችኝ፣ ውሃውን፣ ጥጡን፣ በሰፊ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮ። በአራተኛው ቃል ላይ የመጀመሪያው ጠፋኝ። ፊቴ ጋለ። ወደ ውጭ መውጣት አማረኝ፤ ሽንት ቤት እንደሚፈልግ ሰው። ከድጃም ተራዋ ደርሶ ልታነብ ስትል ሁልጊዜ «ቲቸር፣ ልውጣ?» ትለኝ ነበር። እኔ ዋዘኛ አድርጌ ነበር የማያት። ለካስ ሰው በስተእርጅና ሲሳሳት የሚያፍረው በሙሉ ሰውነቱ ነው።

ክሩ በእጄ ተበጠሰ። ባሎቴ አልነጠቀችኝም። ከራሷ ጥጥ ጥቂት ሳብ አደረገችና ከተበጠሰው ጫፍ ላይ ደርባ በጣቶቿ አሸች፤ ክሩ ቀጠለ። ከዚያ አገጬን በእጇ ወደ እሷ አዞረችና የመጀመሪያውን ቃል እንደገና ጠራች። መጠበቅ ትችልበታለች። እኔ ተማሪዬ ሦስት ጊዜ ከሳተ መልሱን ራሴ ነበር የምናገረው።

ልንተኛ ስንል ስድስት ቃላት ነበሩኝ። ስድስተኛው «ቁጭ በይ» የሚለው ነው። ቃላቱን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ገና በአፌ አልተስተካከሉም፤ ባሎቴ ሰምታ የምትስቅባቸውን አንባቢ እንዲይዝብኝ አልፈልግም።

እሑድ፣ ሦስት ሰዓት

ጠዋት ጉሙ ገፎ ነበር። አንጁሎ መኪና እስኪመጣ አብሮኝ ቆመ። 

«ኃላፊው ምን እንዳለዎት አስቴር ደውላ ነገረችኝ። ሰኞ እመጣለሁ» አለ። «ክፍሉ አይዘጋ። በሳምንት ሦስት ቀን መውረድ አይከብደኝም።»

ለዚህች ቃል ነበር የመጣሁት። አንድ ተማሪ። በአንዲት «እሺ» ክፍሌም ሰሌዳዬም ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ያለው ሰዓቴም ይተርፉልኛል። አንጁሎ ሥራውን ትቶ ተራራ ይወርዳል፤ ያቺን ገጽ ከፍቶ ይደናቀፋል፤ እኔም እቆጣለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አትመጣም» አልኩት። «ጨርሰሃል።»

«ቲቸር...»

«መጥተህ ካየሁህ ፈተና ነው የማወጣልህ።»

ሳቀ። ባሎቴ ከኋላው ብቅ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። «‹ከስድስቱ አንዱ ቢጠፋባት ትደውል› ትላለች» ብሎ ተረጎመልኝ። «ሳሮ» አልኳት፤ የሰላምታ ቃል መሆኑን ከድሮም አውቀዋለሁ፤ ለስንብት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ባሎቴ አላረመችኝም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይፈጥናል። ቀርከሃው፣ እንሰቱ፣ ሙዙ በተራቸው ተመለሱ። መኪናው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ውሃ ከኮዳዋ ስትጠጣ የውሃን ስም በሆዴ አልኩት። ትክክል መሆኑን የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

ሰኞ፤ ሲቀላ

ጠዋት ቢሮ ሄጄ ለኃላፊው ቁልፉን ሰጠሁት። ተማሪ አገኘሁ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ቅጹን ግን መሙላት ነበረብኝ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ሁለት ሳጥን አለ፤ «ያቋረጠ» እና «ያጠናቀቀ»። «ያቋረጠ» የሚለውን ለመሙላት እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር።

«አምስቱም አጠናቀዋል» አልኩት።

«ግን መዝገብዎ ላይ ‹ዝግተኛ› ይላል እኮ።»

«እኔን ነው የሚለው።»

አልገባውም፤ እንዳልኩት ግን ሞላው።

ከዚህ መንገድ የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። ጎልማሳ ለምን ይማራል ተብዬ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ለሥራ፣ ለመድኃኒት፣ ለመዝሙር ብዬ። የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሰው ትምህርት የሚጀምረው በዚያ ነው። የሚቀጥለው ግን በሌላ ነው። ነገ ብቀር የሚያየኝ፣ ብሳሳት የሚጠብቀኝ ሰው አለ ብሎ ነው የሚቀጥለው። ይህን በሪፖርት ላይ የሚሞላበት ሳጥን የለም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። የፈራሁት ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል፣ የጌታሁን ወንበር ባዶውን ተቀምጧል፣ ከመንገድ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል። ብቸኝነቱ አልተቀነሰም፤ ቀነሰ ብል እዋሻለሁ። አዲስ ደብተር አወጣሁና እንደ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያ ክር ጻፍኩ፣ እሳት፣ ውሃ፣ ጥጥ፣ ቆጮ። ስድስተኛው ጠፋኝ። ምላሴን አዞርኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የለም።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ባሎቴ ናት። አምስቱን ቃላት በተራ አልኩላትና ዝም አልኩ። ጠበቀችኝ። ብዙ ከጠበቀች በኋላ ስድስተኛውን ቀስ ብላ ጠራችው። ደገምኩት። ሳቀች። አሁንም ደገምኩት። ያን ጊዜ ነው እስካሁን ቆሜ እንደነበር ያስተዋልኩት፤ ባሎቴ በስልኩ ውስጥ ቃሉን አንድ ጊዜ ስትደግመው፣ ወንበር ሳብኩና ቁጭ አልኩ።